ሞተር ውሃ አይጠጣም

«ጤነኛ ናት፤ ትንሽ ውሃ ትጠጣለች እንጂ።» ቢቸና ላይ መኪና ስጠግን በኖርኩበት ዘመን ይህን ያህል የሰማሁት አባባል የለም። መኪናዋ አብዛኛውን ጊዜ ሕዝቡ ዲኤክስ የሚላት አሮጌ ኮሮላ ናት። ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት ሦስት ሃይላንድ ውሃ ተጋድሟል። ባለቤቱ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ አንዱን ይሞላላታል፣ ሞጣ ሲደርስ ሌላውን ይደግማል፤ ነገሩን የመኪናዋ ጠባይ ነው ብሎ ተቀብሎት ይኖራል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «የጠጣችው ውሃ የት ገባ?»

ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ቤንዚን ይቃጠላል፣ ያልቃል። የሞተር ዘይትም ባረጀ ሞተር ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይቃጠላል። የውሃው ሥራ ግን መዞር ብቻ ነው። ፖምፓው ይገፋዋል፤ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ አልፎ ቴስታታ ወደምንለው የሞተሩ ራስ ይወጣል፤ ከዚያ ሙቀቱን ተሸክሞ በላይኛው ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ በቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ሲወርድ ነፋስ ያበርደዋል፤ በታችኛው ቱቦ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ነዳጁ ከሚሰጠው ሙቀት ሲሶ የሚሆነውን አውጥቶ የሚጥለው ይህ ዑደት ነው። በዲኤክስ ሆድ ውስጥ ያለው ውሃ ከ5 እስከ 6 ሊትር ቢሆን ነው፤ መንገዱ ሁሉ ድፍን ስለሆነ ጤነኛ መኪና ላይ ለወራት ሳይነካ ይቆያል። በየቀኑ የሚሞላላት መኪና እንግዲህ አልጠጣችም፤ እያፈሰሰች ነው። ወይ ወደ መሬት፣ ወይ ወደ እሳቱ፣ ወይ ወደ ዘይቱ፣ ወይ ወደ ካቢናው ምንጣፍ። ሌላ መሄጃ የለውም።

እውነት ውሃ የሚጠጣ መኪናስ ነበረ። ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ባለሦስት ጎማ መኪና ራዲያተር አልነበረውም። ሲሊንደሩን የከበበው ውሃ እየፈላ በእንፋሎት ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ሚስቱ ቤርታ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርዝሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዳ በየመንደሩ ቆማ ውሃ ትሞላ ነበር። ያ የአሠራሩ ግዴታ ነው። ከዚያ ወዲህ ራዲያተር መጣ፣ ፖምፓ መጣ፣ የሚያፍን ክዳን መጣ፤ በየከተማው ቆሞ ውሃ መሙላት ቀርቷል። በቢቸናና በሞጣ መካከል ያልቀረው በአሠራሩ ምክንያት አይደለም።

የእኛን አገር ነገር ለየት የሚያደርገው ከፍታው ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላ ደጋ ላይ ቶሎ አልበስል ብሎ እንጨት የሚፈጀውም ለዚሁ ነው። የሞተር ቴርሞስታት ደግሞ በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዳገት ላይ የሞተሩ ውሃ 95፣ አንዳንዴም 100 ቢደርስ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ልብ በሉ እንግዲህ፦ ለሞተሩ ደህና የሆነው ሙቀት፣ በእኛ ከፍታ ላይ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ይበልጣል። በመካከላቸው ገብታ መፍላቱን የምትከለክለው ያች በመዳፍ የምትያዝ የራዲያተር ክዳን ናት።

ክዳኗ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ውሃውን አፍና የምትይዝበት የግፊት ልክ ነው። 0.9 የሆነችው በትክክል ከሠራች ቢቸና ላይ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የውስጥ ጎማዋ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጓ ከላላ ግን እዚያው 92 ላይ ነን። ጅቡቲ ወደብ ላይ የምትነዳ መኪና ክዳኗ ቢሞት እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ትንፋሽ አላት፤ የእኛዋ ያን ያህል እንኳ አታገኝም። ውሃ የምታጎድል መኪና ስትመጣልኝ ከሁሉ በፊት ክዳኗን የማየው ለዚህ ነው። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዷ ናት፤ ሆኖም ቴስታታ አስፈትተው፣ ራዲያተር አስለውጠው፣ ክዳኗን ሳይነኩ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ። ገበያ ላይ ያሉት አዳዲስ ክዳኖችም ሁሉም አይታመኑም፤ ቁጥሩ ተጽፎባቸው ምንም የማያፍኑ አሉ።

በክዳኗ ውስጥ ሁለት በር አለ። አንደኛው ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ ትርፉን ወደ ፕላስቲኩ መጠባበቂያ ይለቃል። ሌላው ሞተሩ ሲበርድ ተከፍቶ የወጣውን መልሶ ይስባል። ሁለተኛው ከተጣበቀ የላይኛው ቱቦ ሌሊቱን ተጨምቆ ያድራል፤ ጠዋት ጠፍጣፋ ሆኖ ካገኛችሁት ምክንያቱን ፍለጋ አትራቁ።

ከዓባይ በረሃ ጋር የሚያያዘው ጉዳይ ደግሞ አለ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ የሚገኘው 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሞተሩ ያርፋል፣ የሚጨነቀው ፍሬን ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁ ተረግጦ፣ ፍጥነቱ አንሶ፣ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ድልድዩ ላይ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደጀን አፋፍ ላይ ወደ 92 ይወርዳል። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ፣ መፍያው ቁልቁል እየመጣ ይቀበለዋል። ክዳኗ የደከመባት መኪና ከግማሽ ዳገት በላይ ስትደርስ ማፍላቷ ታዲያ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሾፌሮች በዚያ ዳገት ላይ መኪና የሚያቆም መንፈስ ያለ ይመስላቸዋል፤ ያለው ግን የአየር ግፊት ነው።

ክሩስኮቶ ላይ ያለችው የሙቀት መርፌ ደግሞ ሙሉ እምነት የሚጣልባት አይደለችም። መረጃዋን የምታገኘው ሞተሩ ላይ ከተሰካች ትንሽ ሴንሰር ነው፤ ሴንሰሯ በትክክል የምትሠራው ውሃ ውስጥ ስትጠልቅ ነው። ውሃው ካለቀ የሚነካት አየርና እንፋሎት ብቻ ይሆናል፤ ያኔ መርፌዋ ወደ ቀዩ በመውጣት ፈንታ ልትወርድ ትችላለች። ሾፌሩ «ተመስገን፣ በረደች» ብሎ ይረግጣል፤ ሞተሩ በደረቁ ይነዳል። ዳገት ላይ ስትወጣ የነበረች መርፌ በድንገት ከወደቀች፣ ወይም ሲሞቅ የነበረው የካቢና ማሞቂያ ባንዴ ቀዝቃዛ አየር መንፋት ከጀመረ፣ ጥግ ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው። ውሃው ገና እያለ መርፌዋ ወደ ቀይ እየተጠጋች ከሆነ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ይረዳል፤ በዓባይ ሙቀት ላይ ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን ማሞቂያውም ትንሽ ራዲያተር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስህተት ሰው የሚያቃጥለው ነው። መኪናዋ ትቆማለች፣ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ክዳኗን በጨርቅ ይዞ ያዞራል። ውስጥ ያለው ውሃ 105 ወይም 110 ዲግሪ ሆኖ፣ ሳይፈላ የቆየው በግፊቱ ብቻ ነው። ክዳኑ እንደላላ ግፊቱ ይጠፋል፤ ውሃው በአንድ ቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይወረወራል። የላይኛው ቱቦ ሲጨበጥ ለስላሳና ለብ ያለ እስኪሆን ድረስ ክዳን አይነካም፤ ግማሽ ሰዓት ይፍጅ፣ አንድ ሰዓት ይፍጅ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መድፋትም እንደዚያው ነው፤ ሰውን ባያቃጥል ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። የጠፋ ውሃ ፍለጋ የሚጀመረው ሞተሩ ፍጹም በበረደበት ሰዓት ነው። ራዲያተሩን ጢም አድርጌ እሞላና መኪናዋ በምታድርበት ቦታ ካርቶን ዘርግቼ ከሥሯ አነጥፋለሁ። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ከፊት ከሆነ ራዲያተሩን ወይም የታችኛውን ቱቦ እጠረጥራለሁ፣ በቺንጋው በኩል ከሆነ የውሃ ፖምፓውን። ፖምፓው ከሆዱ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ የውስጡ መከላከያ ጎማ ሲያረጅ ውሃው በዚያ ወጥቶ እንዲታይ ሆን ተብላ የተበሳች ናት። እሷን በማጣበቂያ ደፍኖ «አቆምኩት» ያለ ሰው አውቃለሁ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኩሽኔታው ገባ፣ ኩሽኔታው ተበላ፣ ቬንትሌተሩ ተወዛውዞ ራዲያተሩን ከረከረው። አንድ ፖምፓ ሊገዛበት ይችል የነበረው ገንዘብ በሦስት ተባዛ።

ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ቢያድርም መሬት ላይ አይፈስም ማለት አይደለም። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ የወጣው ውሃ እዚያው በጋለው ብረት ላይ ደርቆ ይቀራል። ፋሸታ በታሰረበት ሁሉ፣ ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ራዲያተሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ወይም ዝገት የመሰለ ቅርፊት ካለ ያ የደረቀ ውሃ ምልክት ነው። ኩላንት የተሞላ ከሆነ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሆናል። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚገጠም፣ በእጅ እየተነፋ ግፊት የሚሰጥ መሞከሪያም አለ፤ ሞተሩን ሳያሞቁ እስከ 0.9 ነፍቶ መርፌው ይወርድ እንደሆነ ማየት ነው። ሾልኮ የሚወጣ ካለ ራሱ ይታያል። ከዳሽቦርዱ ሥር ምንጣፉ ከረጠበና መስታወቱ በማይጠረግ ቅባት ከተሸፈነ ደግሞ የማሞቂያው ራዲያተር ነው።

ሙቀት ሁሉ የውሃ ማነስ እንዳልሆነም ልንገራችሁ። መኪናዋ የምትሞቀው ቆማ፣ መነኻሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ስትጠብቅ ከሆነ፣ መንገድ ስትይዝ ደግሞ የምትበርድ ከሆነ፣ ቬንትሌተሩን ወይም ቺንጋውን ተመልከቱ። ደህና የሚነፍስባት መንገድ ላይ፣ በዳገት ከሆነ የምትሞቀው፣ ራዲያተሩ በውስጥ በዝገት ወይም በውጭ በቆሻሻ ተደፍኗል። ቢቸና ያለችበት እነማይና ደጀን የጤፍ አገር ናቸው፤ እህል በሚወቃበት ወራት እብቁ መንገድ ላይ ይበተናል፣ ጤፍ የሚጭነው አይሱዙም ራሱ እያራገፈ ይሄዳል። ያ እብቅ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ከአቧራና ከዘይት ጋር ሲቦካ እንደ ምርግ ይሆናል። ከጥር በኋላ «ሞቀች» ብለው ከሚያመጡልኝ መኪኖች ስንቱን ከኋላ ወደ ፊት በውሃ አጥቤ ብቻ እንደመለስኩ አትጠይቁኝ። ከፊት ወደ ኋላ ማጠብ ግን እብቁን የበለጠ መጠቅጠቅ ነው፤ በጣም ኃይለኛ ውሃም ክንፎቹን ያጣጥፋል።

አሁን አስቸጋሪው። ጡረታ የወጡ የሞጣ መምህር መኪናቸውን በረዳት አስነድተው መጡ። ራዲያተር ተለውጧል፣ ፖምፓ ተለውጧል፣ ክዳን ተለውጧል። ካርቶን ላይ ጠብ አይልም። ምንጣፉ ደረቅ ነው። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ውሃው ግን ይጠፋል።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ሞተሬ አልቋል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ትደር።» አልኳቸው።

በነጋታው በበረደበት አስነሳኋትና የላይኛውን ቱቦ ያዝኩ። ውሃው ገና ምንም አልሞቀም፤ ቱቦው ግን ደቂቃ ሳይሞላው ድንጋይ ሆነ። ሙቀት ያላመጣው ግፊት ከየት መጣ? ከሲሊንደሩ ነው። በቴስታታውና ሲሊንደሮቹ ባሉበት ባሎኮ መካከል የተነጠፈችው ጓርኒሲዮን አንድ ቦታ ተበልታ የፍንዳታውን ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ ታስገባለች። ከዚያ ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ሦስቱ ቡናማ ናቸው፤ አንደኛዋ ታጥባ የወጣች ይመስል ነጭ። ሌሊት ሞተሩ ሲበርድ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ጠዋት ሲነሳ እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፣ ካንዴላዋን እግረ መንገዱን ያጥባታል። መምህሩ «ጠዋት ነጭ ጭስ አለ፤ ግን የሞጣ ጠዋት ብርድ ስለሆነ ነው ብለውኛል» አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። በብርድ ጠዋት የማንኛውም መኪና ማርሚታ ነጭ ተን ይተፋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ይጠፋል። ሞቆም የማይጠፋ፣ ኩላንት ከተሞላም የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ጭስ ሌላ ነገር ነው።

ሰዎች ራዲያተሩን ከፍተው አረፋ ሲያዩ «ጓርኒሲዮን ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ውሃ አዲስ በተሞላ ሞተር ውስጥ የታፈነ አየር ይወጣል፣ ጥቂት ቆይቶም ያቆማል። የማያቆምና ነዳጅ ሲረገጥ የሚብስ አረፋ ነው የሚያስፈርደው። ለማረጋገጥ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ የመስታወት ቱቦ አለ፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ ተገጥሞ ከውስጥ የሚወጣውን አየር ይስባል። የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይቀየራል። የመምህሩ ቢጫ ሆነ።

ስለ ዘይትም አንድ ነገር። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ አረፋ የታየ እንደሆነ ቴስታታ የሚያስፈቱ አሉ። በደጋ ብርድ አጭር አጭር መንገድ የምትመላለስ መኪና ሳትሞቅ ስለምትጠፋ ከአየሩ የመጣ እርጥበት እዚያ ይጠራቀማል፤ ጓርኒሲዮኗ ደህና ሆኖም ያን አረፋ ልታሳይ ትችላለች። የማምነው የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ነው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ጨዋታው አብቅቷል። ካልሆነም መኪናዋ ካደረች በኋላ የዘይት ማውጫውን ብሎን በጥቂቱ ማላላት ነው፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ ጠብ የሚለው እሱ ነው።

የመምህሩን ቴስታታ አወረድኩ። በእነዚህ ሞተሮች ባሎኮው ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ተገፍቶ እንዳይሰፋ ግን በብሎን ታስሯል። ልክ ያለፈ ሙቀት ሲመጣ ወደ ጎን መሄድ ስላልቻለ ይጎብጣል፤ ሲበርድም ጎብጦ ይቀራል። ለብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው ጉብጠት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። የደብተር ወረቀት ውፍረት እንኳ አይሞላም፤ በዓይን አይታይም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ አጋድሞ፣ ልካቸው የተጻፈባቸውን ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ከሥሩ እያስገቡ ነው የሚለካው። የእሳቸው ቴስታታ 0.15 ሚሊ ሜትር የምትሆነውን ቅጠል ያለ ችግር አሳለፈ። ቀድሞ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮላቸው የነበረ ሰው ነበረ፤ በጎበጠ ፊት ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን መጣል ለጥቂት ወራት ዕድሜ መግዛት ነው።

ቴስታታው ለመላጨትና ለመፈተሽ ባሕር ዳር ሄደ። እዚያ የውሃ መንገዶቹ ተደፍነው፣ አየር ተነፍቶባቸው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋ የሚወጣበት ቦታ ካለ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ በሁለት ቫልቮላዎች መካከል ይወጣል። የተሰነጠቀን ቴስታታ በብየዳ የሚመልሱ ጥሩ ባለሙያዎች ቢኖሩም እኔ አዲስ አበባ ካለው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ደህና ቴስታታ አስመጥቼ፣ እሱንም አስፈትሼ መግጠም እመርጣለሁ። የመምህሩ ግን አልተሰነጠቀም፤ መላጨት በቃው። ሲመለስ ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በተራ፣ በሁለት ሦስት ዙር፣ በልክ ቁልፍ ታሠሩ። በክንድ ግምት የሚያጠብቅ መካኒክ ጀግና ሊመስላችሁ ይችላል፤ ጓርኒሲዮኗን ግን አንዱ ጎን ላይ ጨፍልቆ ሌላው ጎን ላይ ይለቃታል።

እሳቸው ዕድለኛ ነበሩ፤ ቶሎ ባይመጡ ሌላ ነገር ይመጣ ነበር። ሌሊት ብዙ ውሃ የገባበት ሲሊንደር ጠዋት ሲነሳ ፒስተኑ ውሃውን ሊጨምቅ ይሞክራል፤ ውሃ አይጨመቅም፣ የሚጎብጠው ፒስተኑን የሚይዘው ቢየላ ነው። በደረቁ የተነዳ ሞተር ደግሞ ፒስተኑ አብጦ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፣ ፋሻዎቹ ይደክማሉ፣ ዘይቱ ቀጥኖ ዘንጉ የሚዞርባቸውን ብሮንዚናዎች መያዝ ያቅተዋል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል። ከዚያ በኋላ ስለ ጓርኒሲዮን የሚያወራ የለም።

በእንቁላል ነጭ ስለሚደፍኑት ልናገር። ራዲያተር ውስጥ የተጨመረ እንቁላል በሙቀት ረግቶ ትንሽ ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል፤ በበረሃ መካከል ሰው ቢያደርገው አልፈርድበትም። ችግሩ ቀዳዳውን ከጤነኛው ቧንቧ አይለይም። ራዲያተሩንም ማሞቂያውንም አብሮ ይደፍናል፤ ቆይቶም ይሸታል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ደግሞ ከዚህ የባሰ ልማድ ነው፣ ምክንያቱም ሰው እንደ ጥገና ይቆጥረዋል። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በደጋ ጠዋት ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ነዳጅ ይፈጃል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይማ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋ እሱ ስለሆነ፣ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይዞራል፤ እንዲበርድ ተብሎ መጣሉ ዳገት ላይ ያፈላዋል። ቴርሞስታት ደህና መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው፦ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር አሙቁት፤ ከመፍላቱ በፊት አፉን ካልከፈተ ለውጡት።

የሚሞላው ውሃስ? ከምንጭና ከጉድጓድ የሚቀዳው ማዕድን አለው፤ ሲሞቅ እንደ ጀበና ውስጥ ቅርፊት ሆኖ ይቀመጣል። ክረምት ላይ ከዓባይ የሚቀዳውማ ደለል ነው። የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከሁሉም ይሻላል፤ ከዚያ የሚሻለው በልኩ የተቀላቀለ ኩላንት ነው። ሰው ኩላንት ለበረዶ አገር ብቻ ይመስለዋል። ለእኛ የሚጠቅመን ዝገት መከላከሉ፣ የፖምፓውን መከላከያ ጎማ መንከባከቡና መፍያውን ከፍ ማድረጉ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለው፦ ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። የተቀዳ ኩላንት በሃይላንድ ጠርሙስ አስቀምጦ ቤት ውስጥ መተው ሕፃን ማጥፋት ነው። መሬት ላይ የተደፋውንም ውሻ ይልሰዋል፣ ይሞታል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አሮጌ መኪና ከእኛ ጋር ብዙ ስለሚቆይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። እጃችን ላይ ያለው ዲኤክስ በሌላ ዲኤክስ አይተካም። የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከዚህ ጣጣ ያወጡናል የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ ቴስታታ የላቸውም፣ ጓርኒሲዮን የላቸውም፣ እውነት ነው። ግን ከእነሱም ብዙዎቹ ሞተራቸውን ወይም ባትሪያቸውን የሚያበርዱት በፈሳሽ ነው፤ ራዲያተር አላቸው፣ ፖምፓ አላቸው፣ ቱቦ አላቸው። ለአንዳንዶቹ የሚሞላው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ተብሎ ለብቻው የተዘጋጀ ነው፤ የቧንቧ ውሃ መጨመር አይቻልም። እኔ ጋ ሲመጡ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ክዳናቸው ላይ የተጻፈውን አነባለሁ።